ሲቢኤስን ያቆመው ዜናው ነው ወይስ ውሉ? የአንድ አሜሪካዊ ኔትወርክ ታሪክ

አጭር ሞገድ

ስለ አሜሪካ ቴሌቪዥን ታሪክ በአማርኛ ሲጻፍ በቅድሚያ የሚነሡት የታወቁት ፊቶች ናቸው፤ ጋዜጠኞቹ ኤድዋርድ መሮውና ዋልተር ክሮንካይት፣ የኮሜዲ ተዋናይቷ ሉሲል ቦል። ስለ ሲቢኤስ ባነበብሁ መጠን ግን ትኩረቴን ይበልጥ የሳበው ከእነዚህ ሰዎች ጀርባ ያለው ውል ነው፤ ይህን ክር የከፈትሁትም ስለዚያ ውል እንድንወያይ ነው። ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው በ1927 ነው። አርተር ጀድሰን የተባለ የሙዚቀኞች ወኪል፣ ከአንድ ዓመት በፊት የተቋቋመው የሬዲዮ ኔትወርክ ኤንቢሲ ሙዚቀኞቹን በሚፈልገው መጠን አልወስድ ስላለው የራሱን የሬዲዮ ኔትወርክ ለማቋቋም ተነሣ። ገንዘብ ሲያጥረው የኮሎምቢያ የሸክላ ኩባንያ ገባበትና ስሙን ሰጠው (የሲቢኤስ “ሲ” ኮሎምቢያ ማለት ናት)፤ ሴፕቴምበር 18 ቀን 1927 በ16 ጣቢያዎች ሥርጭት ተጀመረ። ኪሳራው ግን የሚቻል አልነበረምና የሸክላው ኩባንያም ብዙ ሳይቆይ ጥሎ ወጣ። በዚህ መሐል የፊላዴልፊያው የሲጋር ነጋዴ ልጅ ዊልያም ፔሊ፣ በሬዲዮ የተነገረው ማስታወቂያ የአባቱን ሲጋር ሽያጭ እንዴት እንዳሳደገው በዓይኑ አይቶ ነበርና፣ በሴፕቴምበር 1928፣ 27 ዓመት ሊሞላው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሆነ።

ፔሊ የሠራው ትልቁ ሥራ፣ በእኔ አስተያየት፣ ከጣቢያዎች ጋር የተፈራረመው ውል ነው። ኔትወርክ ማለት በአብዛኛው የራሱ ያልሆኑ ጣቢያዎች ስብስብ ነው። ኤንቢሲ ስፖንሰር የሌላቸውን ፕሮግራሞች ለአባል ጣቢያዎቹ በገንዘብ ይሸጥላቸው ነበር። ፔሊ እነዚያን ፕሮግራሞች በነጻ ሰጠና በምላሹ ከየጣቢያው ሰዓት ወሰደ፤ ስፖንሰር ባገኘ ጊዜ የተመረጡትን ሰዓታት ያለ ክርክር መጠቀም ይችል ዘንድ። የሳሙናና የሲጋራ ኩባንያዎች ዘንድ ሲሄድም “ይህን ያህል ከተማ በዚህ ሰዓት እርግጠኛ ነኝ” ማለት የቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ገና ዋና አዝናኞችም ሆነ ዘጋቢዎች ሳይኖሩት የተበታተኑትን ጣቢያዎች አንድ አድርጎ የያዘለት ይኸው ወረቀት ነው።

ዜናው እንኳን ከዚሁ ውል የወጣ ነው ብዬ አምናለሁ። ስፖንሰር ያልገዛቸው ሰዓታት በአንድ ነገር መሞላት ነበረባቸው፤ በዚያ ላይ የጣቢያዎች ፈቃድ የሚታደሰው “ለሕዝብ ጥቅም” ይሠራሉ ተብሎ ነውና፣ ዋሽንግተን ላይ ደኅና ስም መያዝ ያስፈልግ ነበር። በማርች 1938 የሆነውን እንመልከት። ኦስትሪያ በናዚ ጀርመን እጅ በወደቀችበት ሌሊት የሲቢኤሱ ዊልያም ሻይረር ቪየና ነበር፤ የሬዲዮ ጣቢያው በናዚዎች ስለተያዘ ያየውን ማስተላለፍ አልቻለምና በአውሮፕላን ወደ ለንደን አቀና። መሮው ደግሞ ከዋርሶ ተነሥቶ በርሊን ላይ አንድ ሙሉ የመንገደኞች አውሮፕላን ለብቻው ተከራይቶ ቪየና ገባ። እሑድ ማርች 13፣ በኒውዮርክ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ፣ ሮበርት ትራውት ከኒውዮርክ እየመራ ለንደንን፣ ፓሪስን፣ በርሊንን፣ ቪየናን በአጭር ሞገድ በየተራ አስገባ። ዘጋቢዎቹ ሰዓታቸውን ከኒውዮርክ ጋር በሰከንድ አስተካክለው በተመደበላቸው ደቂቃ መናገር ነበረባቸው። ሮም ላይ ማሰራጫ ስላልተገኘ የሮሙ ዘጋቢ ጽሑፉን በስልክ ለለንደን አነበበና ሻይረር በእሱ ፈንታ አሰማው። ዛሬ በየጣቢያው የምናየው፣ አንዱ አቅራቢ ከተለያዩ ከተሞች ዘጋቢዎችን እየተቀበለ የሚያወያይበት አሠራር መልኩን የያዘው በዚያች ግማሽ ሰዓት ነው።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፤ ሲቢኤስን ለግማሽ ምዕተ ዓመት ከፊት ያቆመው የሰዎቹ ብርታት ነው ወይስ ለሰዎቹ ቦታ የፈጠረላቸው የንግድ ስምምነት?

ሕሊና

ለጽሑፍዎ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ሆኖም መደምደሚያዎን ለመቀበል ይቸግረኛል። ውሉ ሰዓቱን ሰጥቶ ሊሆን ይችላል፤ በሰዓቱ ውስጥ ምን እንደሚባል የወሰነው ግን ውሉ አይደለም። ማርች 9 ቀን 1954 የሆነውን ያስታውሱ። መሮውና አዘጋጁ ፍሬድ ፍሬንድሊ ብዙዎችን በኮሚኒስትነት ይወነጅል ስለነበረው ሴናተር ጆሴፍ ማካርቲ የሠሩትን ግማሽ ሰዓት ሊያቀርቡ ሲዘጋጁ፣ ኩባንያው ፕሮግራሙን በጋዜጣ ለማስተዋወቅ ፈቃደኛ አልሆነም። ሁለቱ ሰዎች ከኪሳቸው አውጥተው በኒውዮርክ ታይምስ ማስታወቂያ አስነገሩ፤ በማስታወቂያው ላይ የሲቢኤስ ዓርማ የሆነችው ዓይን አልነበረችም። ያቺ ዓይን ዊልያም ጎልደን በ1951 የሣላትና እስከ ዛሬም የምናውቃት ናት፤ በዚያ ቀን ግን ድርጅቱ ዓርማውን እንኳ ሊያውሳቸው አልደፈረም። ፕሮግራሙ በአመዛኙ የማካርቲን ንግግሮች በፊልም እያሳየ እርስ በርሳቸው እንዴት እንደሚጣረሱ ያስረዳ ነበር። ሴናተሩም በኤፕሪል 6 የመልስ ሰዓት ተሰጥቶት ቀርቧል።

ለፔሊ ፍትሐዊ ለመሆን፣ ፕሮግራሙን አላስቆመውም። ነገር ግን በ1955 ስፖንሰሩ የነበረው የአሉሚኒየም ኩባንያ ሲወጣ፣ ያ ዘገባ የቀረበበት የመሮው ሳምንታዊ ፕሮግራም አልፎ አልፎ የሚቀርብ ሆነ፤ በ1958 ደግሞ ጨርሶ ቀረ። በ1955 ከእሱ ፊት ባለው ሰዓት የገባው 64,000 ዶላር የሚያሸልመው የጥያቄና መልስ ውድድር አገሩን ሁሉ ይዞ ስለነበር፣ የዚያ ሰዓት ዋጋ ለዜና የሚተው አልሆነም። መሮው በኦክቶበር 1958 ቺካጎ ላይ በዜና ሰዎች ስብሰባ ተነሥቶ ቴሌቪዥን ሕዝቡን ከእውነታው ለማራቅ እያገለገለ ነው ሲል የተናገረው ይህን ሁሉ በሥጋው ካየ በኋላ ነው። እንግዲህ እርስዎ ውሉ ዜናን ወለደ ይላሉ፤ እኔ ውሉ ሲያገኝ ያሳደገውን ልጅ ሲቸግረው ያስራበ ነው እላለሁ።

የሸዋ ልጅ

እጅግ ጠቃሚ ውይይት ነው። ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ የሉሲል ቦል ኮሜዲ ከ1951 ጀምሮ እስከ ዛሬ ድረስ በየአገሩ ሲታይ፣ በዚያው ዘመን የነበሩት ሌሎች ፕሮግራሞች ለምን ጠፉ? ሁለተኛ፣ በ1977 ዓ.ም. መግቢያ የወገኖቻችንን ረሃብ ለአሜሪካ ሕዝብ ያሳየው ሲቢኤስ ነበር ወይስ ሌላ?

አጭር ሞገድ

ለየሸዋ ልጅ የመጀመሪያ ጥያቄ የምሰጠው መልስ ለሕሊናም መልስ ይሆናል፤ ይህም ነገር ከውል አይወጣምና።

በ1951 አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ከኒውዮርክ በቀጥታ ይተላለፉ ነበር፤ ለምዕራቡ ክፍል የሚላከው ቅጂ ከቴሌቪዥን መስኮት ላይ በፊልም የተቀረጸ፣ የደበዘዘ ምስል ነበር። ሉሲል ቦልና ባሏ ዴሲ አርናዝ ግን ከሆሊውድ አንወጣም አሉ። ስለዚህ ፕሮግራሙ በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም፣ በሦስት ካሜራ፣ በተመልካች ፊት እንዲቀረጽ ተስማሙ። ለሦስቱም ካሜራ በአንድ ጊዜ የሚሆን ወጥ መብራት ያደራጀው ከጀርመን የመጣው የፊልም ባለሙያ ካርል ፍሮይንድ ነው። ወጪው ስለከበደ ባልና ሚስቱ ከደመወዛቸው እንዲቀነስ ፈቀዱና በምትኩ የፊልሙን ባለቤትነት ያዙ። በጊዜው አንድ ጊዜ የታየ ፕሮግራም ዳግመኛ ይሸጣል ብሎ የሚያስብ ስላልነበረ ኩባንያው በቀላሉ ለቀቀው። ጥቂት ዓመታት ሳይሞላ ያንኑ መብት በሚሊዮኖች መልሶ ገዛ፤ ባልና ሚስቱም በገንዘቡ ተጠናክረው የቀድሞውን የአርኬኦ ስቱዲዮ ገዙበት።

ታሪኩ በዚህ አያበቃም። በ1970 የፌዴራል የመገናኛ ኮሚሽን ኔትወርኮች የድሮ ፕሮግራሞችን ለየጣቢያው የመሸጥ ንግድ እንዳይዙ ከለከለ። ሲቢኤስ ይህን ክፍሉን በ1971 ነጥሎ ሌላ ኩባንያ አደረገው፤ ስሙም ቫያኮም ተባለ። ያ ልጅ ኩባንያ የእነ ሉሲን ፊልም እየሸጠ፣ ኬብል ውስጥ እየገባ አደገና በ1999 አባቱን ለመግዛት ተስማማ፤ ግዢው በ2000 ተፈጸመ። በ2005 መጨረሻ ተለያዩ፣ በ2019 ደግሞ እንደገና ተዋሐዱ። አንድ መሥሪያ ቤት በመንግሥት ትእዛዝ አውጥቶ የጣለው ክፍሉ ተመልሶ ጌታው የሆነበት ሌላ እንዲህ ያለ ታሪክ አላውቅም።

ጎህ

በዚህ መድረክ ላይ ስለ ሲቢኤስ በተነሣ ቁጥር ሁለት አፈ ታሪኮች ስለሚመላለሱ፣ ውይይቱ ሳይርቅ ላንሣቸው። የመጀመሪያው በኦክቶበር 30 ቀን 1938 የማርስ ሰዎች ወረሩን የሚለው የሬዲዮ ድራማ አገር አሸበረ የሚለው ነው። የተደናገጡ ሰዎች ነበሩ፤ ሆኖም በዚያ ሰዓት አብዛኛው አድማጭ የሚከታተለው በኤንቢሲ የሚቀርበውን ተወዳጅ አዝናኝ ፕሮግራም ነበር። ወሬውን ያጋነኑት ማስታወቂያቸውን ሬዲዮ እየነጠቃቸው የነበሩት ጋዜጦች ናቸው። ሁለተኛው፣ ክሮንካይት በፌብሩዋሪ 27 ቀን 1968 የቬትናም ጦርነት ወደ አለመሸናነፍ ደርሷል ባለ ጊዜ፣ ፕሬዚዳንት ጆንሰን ከቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጠው ተስፋ ቆረጡ የሚለው ነው። በዚያ ምሽት ጆንሰን ቴክሳስ ውስጥ በአገረ ገዢው የልደት በዓል ላይ ነበሩ። የክሮንካይት ንግግር ክብደት ነበረው፤ ክብደቱን ለማሳየት ግን ያልሆነውን መጨመር አያስፈልግም።

ስለ ቬትናም ከተነሣ፣ ከክሮንካይት ንግግር ይልቅ ሁለት ዓመት ቀድሞ የሆነው ይበልጥ ያሳዝነኛል። በፌብሩዋሪ 10 ቀን 1966 የሴኔቱ የውጭ ጉዳይ ኮሚቴ ስለ ጦርነቱ ምስክር ይሰማ ነበር፤ የዕለቱ ተናጋሪ ጆርጅ ኬናን ነበር፤ ሶቪየት ኅብረትን መግታት የሚለውን ፖሊሲ የቀረጸው ሰው ራሱ ቬትናም ውስጥ መጠላለፍ አይበጅም ሲል። ኤንቢሲ በቀጥታ አስተላለፈ። ሲቢኤስ ግን ከላይ ያወሳችሁትን የሉሲል ቦል ኮሜዲ፣ ያውም የተደገመውን፣ አሳየ፤ የቀኑ ሰዓታት የማስታወቂያ ገቢ ከፍተኛ ስለነበረ ነው። የመሮው የሥራ ባልደረባ ፍሬንድሊ በዚያን ጊዜ የሲቢኤስ ዜና ፕሬዚዳንት ነበር፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሥራውን ለቀቀ። የአጭር ሞገድን ሐሳብ የሚያጠናክር ይመስለኛል፤ ያ የፊልም ባለቤትነት ውል ባይኖር ኖሮ በዚያ ቀን የሚደገም ነገር አይኖርም ነበርና።

ማስተር ኮንትሮል

እኔ የምሠራው አሜሪካ ውስጥ በአንድ አባል ጣቢያ የሥርጭት መቆጣጠሪያ ክፍል ነው፤ ስለዚህ የምትሉት ውል ለእኔ የዕለት ሥራዬ ነው። ከኔትወርኩ የሚመጣው ምስል በሳተላይት ይደርሰናል፤ በየፕሮግራሙ ውስጥ ለእኛ የተተዉ ደቂቃዎች አሉ። ኔትወርኩ ምልክት ሲልክ መሣሪያችን የከተማችንን የመኪና ነጋዴና የሆስፒታል ማስታወቂያ ያስገባል፤ ሰከንዱ ሲያልቅ ወደ ኔትወርኩ ይመልሳል። ተመልካች ልዩነቱን አያየውም። ሁለት ሰከንድ ብንዘገይ ግን የፕሮግራሙ መጀመሪያ ተቆርጦ ይወጣል፤ ስልኩም ወዲያው ይጮኻል።

ከዚህ ሙያ አንጻር በኖቬምበር 22 ቀን 1963 የሆነውን መጥቀስ እወዳለሁ። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ መመታታቸው እንደተሰማ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ከ40 ላይ፣ ሲቢኤስ የቀን ድራማውን አቋርጦ ገባ፤ ተመልካቹ ግን ጽሑፍ ብቻ እያየ የክሮንካይትን ድምፅ ነበር የሰማው። ምክንያቱ ካሜራው ነው። የዚያን ጊዜ ካሜራ ቱቦው እስኪሞቅ ብዙ ደቂቃ ይፈጅ ነበርና፣ በዜና ክፍሉ ውስጥ የበራ ካሜራ አልነበረም። ከ8 ሰዓት ከ38 ላይ ሞታቸውን ሲያረዳ፣ መነጽሩን አውልቆ የግድግዳውን ሰዓት ሲያይ የምናየው ምስል የተገኘው ካሜራው በመጨረሻ ከሞቀ በኋላ ነው። ሦስቱም ኔትወርኮች እስከ ቀብሩ ድረስ ለአራት ቀናት ማስታወቂያ አቁመው አስተላለፉ፤ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከፈረንሳዩ ደ ጎልና ከሌሎች መሪዎች ጋር ከሬሳው ኋላ በእግራቸው ሲሄዱ የአሜሪካ ሕዝብ በየቤቱ ያየው በዚያ ሥርጭት ነው።

ውሉ ሲፈርስ ምን እንደሚሆን ደግሞ በ1994 ታይቷል። በዲሴምበር 1993 ፎክስ 1.58 ቢሊዮን ዶላር ሰጥቶ፣ ሲቢኤስ ከ1956 ጀምሮ የያዘውን የአሜሪካን ፉትቦል ሥርጭት ወሰደበት። በወቅቱ ኩባንያውን የሚመራው ላውረንስ ቲሽ ወጪ የሚጠላ ሰው ነበር፤ በ1987 ከዜና ክፍሉ ብቻ ከ200 በላይ ሠራተኛ ያሰናበተው እሱ ነው። ጨዋታው ሲሄድ ጣቢያዎችም ተከተሉት፤ በሜይ 1994 ኒው ወርልድ የተባለው ባለቤት 12 ጣቢያዎቹን ወደ ፎክስ እንደሚያዞር አስታወቀ፤ አብዛኞቹ የሲቢኤስ ነበሩ። ዲትሮይት ላይ ሌላ የሚቀበለው ጣቢያ ስለጠፋ፣ ሲቢኤስ በቻናል 62 ላይ ያለውን፣ በ1975 በጥቁር አሜሪካውያን ባለቤትነት የተመሠረተውን አነስተኛ ጣቢያ ለመግዛት ተገደደ። ጣቢያው በአህጉሪቱ አሜሪካ በዓይነቱ የመጀመሪያ ነበርና፣ ከእጃቸው መውጣቱ ብዙዎችን አሳዝኗል። በቀጣዩ ዓመት ሲቢኤስ ራሱ በ5.4 ቢሊዮን ዶላር ለዌስቲንግሃውስ ተሸጠ።

ዛሬ ደግሞ የገንዘቡ አቅጣጫ ተገልብጧል። ፔሊ ለጣቢያዎች ይከፍል ነበር። ከ1992ቱ የኬብል ሕግ በኋላ ጣቢያዎች ከኬብል ኩባንያዎች ክፍያ መጠየቅ ጀመሩ፤ ኔትወርኩም የዚያን ገንዘብ ድርሻ አምጡ ይለናል። ስለዚህ አሁን ከፋዮቹ እኛ ነን።

ሕሊና

ማስተር ኮንትሮል የጻፉት ብዙ አስተምሮኛል። አንድ ነገር ግን ሳልጨምር አላልፍም፤ ዜና ገንዘብ የሚያመጣ ሲሆን ይበልጥ እንደሚጠበቅ ሰው ይገምት ይሆናል፤ የሲቢኤስ ታሪክ የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው። ዶን ሂውት በሴፕቴምበር 24 ቀን 1968 የጀመረው “60 ሚኒትስ” የተባለው የዜና ፕሮግራም ለዓመታት ተመልካች አጥቶ ኖረ። በ1975 ወደ እሑድ ምሽት 1 ሰዓት ከተዛወረ በኋላ በ1979–80 ከአሜሪካ ፕሮግራሞች ሁሉ አንደኛ ሆነ። ለቦታው ያበቃው ደግሞ፣ ሳትወዱ አትቀሩም፣ የመገናኛ ኮሚሽኑ ያን ሰዓት ለዜናና ለልጆች ፕሮግራም ነጻ ያደረገበት ደንብ ነው።

ከዚያ ወዲህ የዜና ክፍል ሁሉ ትርፍ ይጠየቅ ጀመር። በ1971 ኮንግረስ ስለ ፔንታጎን የሠሩትን ዘገባ ጥሬ ፊልም አምጡ ሲል የኩባንያው ፕሬዚዳንት ፍራንክ ስታንተን ለመታሰር ተዘጋጅቶ እንቢ ብሏል፤ ምክር ቤቱም ሊቀጣው ሳይደፍር ቀረ። በኖቬምበር 1995 ግን ያው ኩባንያ፣ ሽያጩ በመጠናቀቅ ላይ ሳለ፣ የሲጋራ ኩባንያ ባለሙያ የነበረውን የጄፍሪ ዋይጋንድን ቃለ መጠይቅ ክስ ፈርቶ አስቀረው፤ ሙሉው የታየው በፌብሩዋሪ 1996 ነው። በጁላይ 2025 ደግሞ ከቫያኮምና ከሲቢኤስ ውሕደት የወጣው ባለቤቱ ፓራማውንት፣ ስካይዳንስ ለተባለው የፊልም ኩባንያ የመሸጡ ጉዳይ የመንግሥት ፈቃድ በሚጠብቅበት ሰሞን፣ ፕሬዚዳንት ትራምፕ በ“60 ሚኒትስ” ላይ ያቀረቡትን ክስ በ16 ሚሊዮን ዶላር በስምምነት ዘጋው። የፕሮግራሙ ዋና አዘጋጅ ቢል ኦውንስ ከዚያ አስቀድሞ በኤፕሪል፣ በነጻነት መወሰን አልቻልሁም ብሎ ለቅቆ ነበር። ስታንተን ቆሞ የተከራከረለት ሥፍራ ላይ ሌሎች ሒሳብ ሲያሰሉ ማየት ልቤን ይሰብረዋል።

ጎህ

ለየሸዋ ልጅ ሁለተኛ ጥያቄ ምላሽ ስላላየሁ ልመልስ። የሞሐመድ አሚን ካሜራና የማይክል በርክ ዘገባ፣ ከቆረም የተቀረጸው፣ የቢቢሲ ነው። በአሜሪካ ያሳየው ሲቢኤስ ሳይሆን ኤንቢሲ ነው፤ ኦክቶበር 23 ቀን 1984 በማታው ዜና። የለንደን ቢሮው ባይወተውት ኖሮ በዚያን ዕለት ባልታየ ነበር። ከዚያ በኋላ ሌሎቹም ኔትወርኮች ቡድኖቻቸውን ላኩ።

አጭር ሞገድ

ሕሊና ካነሡት በመነሣት ማስተር ኮንትሮልን አንድ ነገር ልጠይቅ። ፔሊ ውሉን ሲጽፍ ኔትወርኩ በጠየቀ ጊዜ ጣቢያው ሰዓቱን መልቀቅ ግዴታው ነበር። ዛሬ አንድ አባል ጣቢያ ኔትወርኩ የላከለትን ፕሮግራም አላሳይም ማለት ይችላል?

ማስተር ኮንትሮል

በሕግ ይችላል። የመገናኛ ኮሚሽኑ በ1941 ባወጣው ደንብ እንዲህ ያለውን የሰዓት ግዴታ ገደበ፤ ጣቢያው ለሕዝቡ አይጠቅምም ያለውን የመመለስ መብቱንም አጸና። ኤንቢሲና ሲቢኤስ ተከራከሩ፤ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1943 ለኮሚሽኑ ፈረደ። ኤንቢሲ ከሁለቱ ኔትወርኮቹ አንዱን ሸጦ ኤቢሲ የተወለደውም በዚያው ደንብ ግፊት ነው። ውሎች ኔትወርኩን ያለ በቂ ምክንያት የሚመልስ ጣቢያ አባልነቱን ሊያጣ እንደሚችል ይገልጻሉና፣ በተግባር ጣቢያዎች ለአካባቢ ምርጫ ክርክር ወይም ለማዕበል ማስጠንቀቂያ ካልሆነ ብዙም አይጠቀሙበትም። ሆኖም በሴፕቴምበር 2025 ኤቢሲ የጂሚ ኪመልን የምሽት ፕሮግራም አግዶ ሲመልሰው፣ ሲንክሌርና ኔክስታር የተባሉት የብዙ ጣቢያዎች ባለቤቶች ለተጨማሪ ቀናት በየከተማቸው ሳያሳዩት ቆይተዋል። በእነዚያ ምሽቶች በጣቢያዎቻቸው በዚያ ሰዓት የታየው የአካባቢ ዜናና ሌላ ፕሮግራም ነበር።